ጨው የበላው ማሳ፣ ጨው የለመደ ሕዋስ

ለኛ አገር ሰው ጨው ክፉ ስም የለውም። ከአፋር ቆላ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ደጋ ሲወጣ አሞሌው እንደ ብር ይመነዘር ነበር። በ6ኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የተባለው ነጋዴ፣ የአክሱም ንጉሥ ሰዎች በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው ወርቅ ሊለውጡ ወደ ሳሱ አገር እንደሚወርዱ ጽፏል። ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝም በ1520ዎቹ መጥቶ ጨው በገንዘብ ፈንታ ገበያ ለገበያ ሲዞር አይቶ መዝግቧል። ሽማግሌዎቻችን ሰውን ሲመክሩ «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ» ይላሉ እንጂ ጨውን አይረግሙትም። የእርግማኑ ታሪክ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ማሳ ውስጥ። እኛም እዚህ የምንከታተለው ያንን የማሳውን ጨው ነው፤ ከሱመር ቦዮች ተነስተን ትንባሆና ተልባ በብልቃጥ ውስጥ ጨው እስከለመዱበት ቤተ ሙከራ ድረስ። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ተማሪ እዚህ ነገር ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገው? የሚል አይጠፋም። የሕዋሱን ነገር ለሳይንስ ፋኩልቲ ልጆች ብንተወው ደስ ባለን ነበር። ነገር ግን የማን መሬት ነጣ? የነጣውን ማን ጠረገው? መድኃኒቱስ ከየት ይመጣል ተብሎ ታሰበ? ብለን ስንጠይቅ ጥያቄው የኛ ሆኖ አገኘነው።

በመጀመሪያ ግን ጨው ማሳ ውስጥ እንዴት ይገባል? ነገሩ እንዲህ ነው። ንጹሕ የምንለው የወንዝ ውሃ እንኳ ጥቂት ጨው አለበት። በአንድ ሊትር ግማሽ ግራም ብቻ አለ እንበል፤ ይህ ለምላስ አይታወቅም። አንድ ሔክታር መሬት በዓመት 10,000 ሜትር ኩብ ውሃ ቢጠጣ ስንት ጨው ገባ ማለት ነው? 5,000 ኪሎ፤ ማለትም 50 ኩንታል። ውሃውን ተክሉ ይጠጣዋል፣ ፀሐይም ትወስደዋለች፤ ጨውን ግን ሁለቱም አይወስዱትም። ዝናብ በሚበዛበት አገር ጨው ወደ ታች ታጥቦ ይሄዳል። ዝናብ በሌለበት ሜዳ፣ ማፍሰሻ ቦይም ካልተቆፈረለት፣ እዚያው ይከማቻል። ከዚህ የባሰም አለ። ከቦይና ከማሳ ወደ ታች የሚሰርገው ውሃ የከርሰ ምድሩን ውሃ ከዓመት ዓመት ከፍ ያደርገዋል። ከመሬቱ ገጽ ሁለት ሜትር ያህል ሲቀረው፣ ክር በመብራት ጋዝ ውስጥ ተነክሮ ጋዙን ወደ ላይ እንደሚስብ፣ አፈሩ ውሃውን ከነጨው ወደ ላይ ይስበዋል። ውሃው ይተንናል። ጨው ነጭ ሆኖ ይቀራል።

ተክሉ ታዲያ ሁለት ጊዜ ነው የሚጠቃው። ሥሩ ውሃ መካከል ቆሞ ይጠማል፤ ጨዋማው አፈር ውሃውን አጥብቆ ይይዝበታልና። ቆይቶ ደግሞ ሶዲየሙ ቅጠሉ ውስጥ ገብቶ ይመርዘዋል። ገብስ ከስንዴ ይልቅ ይህን ይችላል። የሚቀጥለው ታሪክ የቆመው በዚህች ትንሽ ልዩነት ላይ ነው።

በ1958 ሁለት ሊቃውንት፣ ቶርኪልድ ያኮብሰንና ሮበርት አዳምስ፣ «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ አንድ አጭር ጽሑፍ አወጡ። አንደኛው የሱመርን የሸክላ ጽሑፍ የሚያነብ፣ ሌላው መሬት የሚቆፍር ነው። ያሉት ነገር በጊዜው ብዙ ሰው አስደንግጧል። በጤግሮስና በኤፍራጥስ መካከል በታችኛው ሜዳ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3500 ግድም ስንዴና ገብስ እኩል ለእኩል ይዘሩ ነበር። በ2500 ስንዴው ከስድስት አንድ ሆነ። በ2100 ከመቶ ሁለት እጅ ብቻ። በ1700 ከደቡቡ አገር ጭራሽ ጠፋ። ገብሱም ቢሆን አልተረፈም። በ2400 ግድም በግርሱ አንድ ሔክታር 2,537 ሊትር እህል ይሰጥ የነበረው በ2100 ወደ 1,460 ወረደ፤ በ1700 በአቅራቢያው በላርሳ 897 ሊትር ብቻ ተመዘገበ። ምክንያቱስ? ጨው ነው አሉ። የነገሩንም መነሻ አንድ ንጉሥ ላይ ጣሉት። የላጋሹ ንጉሥ ኤንሜቴና ከኡማ ከተማ ጋር በውሃ ተጣልቶ ነበር። ኡማዎች ከኤፍራጥስ የሚመጣውን ውሃ ከላይ ሆነው ይቆጣጠራሉ። እሱም ከነሱ ጋር ከመለማመጥ ብሎ ከጤግሮስ ሌላ ቦይ አስቆፈረ። ውሃው እንደ ልብ ሆነ፤ የከርሰ ምድሩም ውሃ ከፍ አለ።

ታሪኩ እንዴት ያምራል! የሱመር መውደቅ፣ የባቢሎን መነሳት፣ ሁሉም በአንድ ዕፍኝ ጨው ሲተረጎም። እኛም መጀመሪያ ስናነበው አፋችንን ከፍተን ነው። ግን ታሪክ ሲያምር መጠራጠር ደግ ነው። በ1985 ማርቪን ፓወል የተባለ ሌላ የሸክላ ጽሑፍ አንባቢ ተነስቶ የያኮብሰንን ማስረጃ አንድ በአንድ በተነው። ቁጥሮቹ የተለቀሙት ከተለያየ ከተማ፣ ከተለያየ ዓይነት መዝገብ ነው፤ የምርቱና የዘሩ መስፈሪያ አተረጓጎም አከራካሪ ነው፤ ገበሬው ስንዴን የተወው በሌላ ምክንያትም ሊሆን ይችላል። ይልቁንም፣ አለ ፓወል፣ ሱመሮች ጨውን ያውቁታል፤ መሬቱን እንዴት እንደሚያጥቡትና እንዴት ጦም እንደሚያሳድሩት ያውቁ ነበር።

በኛ አስተያየት ፓወል የያኮብሰንን ቁጥሮች ቢያነቃንቅም ጥያቄውን አልገደለውም፤ እንዲያውም አሳመረው። ገበሬው ካወቀ መሬቱ ለምን ነጣ? ለዚህ የሚሆነንን መልስ ያገኘነው ማክጓየር ጊብሰን የተባለው አርኪዎሎጂስት በ1974 ካወጣው ጥናት ነው። በኢራቅ ሜዳ ገበሬው ከጥንት ጀምሮ ማሳውን አንድ ዓመት ዘርቶ አንድ ዓመት ጦም ያሳድረዋል። በጦሙ ዓመት ሾክና አጉል የሚባሉ ሁለት እሾሃም አረሞች ይበቅላሉ። ማሳውን ላየ ሰው ስንፍና ይመስላል፤ በእሾህ የተወረረ መሬት! ግን የነዚህ አረሞች ሥር ጥልቅ ነው። የከርሰ ምድሩን ውሃ እየጠጡ ወደ ታች ያወርዱታል፤ አፈሩ ይደርቃል፤ በሚቀጥለው ዓመት መስኖ ሲገባ ጨው ታጥቦ ወደ ታች የሚሄድበት ቦታ ያገኛል። ታዲያ ግብር ሰብሳቢው ሲመጣ፣ ወይም የቤተ መንግሥቱ ሹም «ግማሹ መሬት ለምን ሥራ ፈታ? በያመቱ ይዘራ» ሲል፣ ለጥቂት ዓመታት ምርቱ ይጨምራል። ከዚያ ይነጣል። ጊብሰን ጦም ማሳደርን መጣስ ያለው ይህንን ነው። ሹሙ ክፉ ሰው መሆን አያስፈልገውም፤ ጎተራው እንዲሞላ መፈለጉ ብቻ ይበቃል።

መሬቱ ከነጣ በኋላ ምን ይደረጋል? ለዚህም ታሪክ አንድ መልስ ትታልናለች፤ አስከፊ መልስ። በ9ኛው መቶ ዓመት የአባሲድ መንግሥት ባላባቶች በባስራ አካባቢ የሞተውን ረግረግ መሬት ሊያነሱ ፈለጉ። ከላይ ያለው አፈር ጨው የጠገበ ቅርፊት ነው፤ እሱ ተገፎ ካልተጣለ እህል አይበቅልም። ገፋፊዎቹ ዘንጅ ይባሉ ነበር፤ ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ የመጡ ባሮች። ከ500 እስከ 5,000 እየሆኑ በየሰፈሩ ተቀምጠው፣ ጥቂት ዕፍኝ ዱቄትና ተምር እየተሰፈረላቸው፣ ጨው ይቆፍራሉ፣ ይጠርጋሉ፣ ይከምራሉ። በ869 ዓሊ ኢብን ሙሐመድ የሚባል ሰው መካከላቸው ገብቶ አነሳሳቸው። አመፁ 14 ዓመት ቆየ። በ871 ባስራን ያዙ፤ በረግረጉ ውስጥ አል ሙክታራ የምትባል የራሳቸውን ከተማ ሠሩ፤ በሥማቸው ገንዘብ አሳተሙ። የከሊፋው ወንድም አል ሙወፈቅ ከብዙ ዘመቻ በኋላ ከተማዋን የሰበረው በ883 ነው። ይህንን ሁሉ የምናውቀው በዋናነት ከአል ጠበሪ ታሪክ ነው። አል ጠበሪ ደግሞ ለአመፀኞቹ ቅንጣት ፍቅር የለውም፤ መሪያቸውን የአላህ ጠላት እያለ ነው የሚጽፈው። በአመፁ ውስጥ ባሪያ ያልነበሩ ብዙ ሰዎች እንደ ነበሩም የዘመኑ አጥኚዎች ያሳያሉ። ሆኖም የመጀመሪያዎቹ ሰዎች በእጃቸው የያዙት አካፋ ጨው መጥረጊያ እንደ ነበር ጠላታቸው ራሱ መስክሮላቸዋል። ስለ ዘንጅ አመፅ ሲወራ ስለ ጦርነቱ እንጂ ስለ አፈሩ የሚያወራ ትንሽ መሆኑ ይገርመናል።

እንግዲህ እስከዚህ ድረስ የሰው ልጅ ከጨው ጋር የነበረው ግንኙነት ይህ ነው፤ ማጠብ፣ ማሳረፍ፣ መግፈፍ፣ አለዚያም ትቶ መሄድ። አፈሩን ትተን ተክሉን ለምን አንለውጠውም? የሚለው ሐሳብ በሰፊው የተነሳው በኛ ዘመን ዋዜማ ነው። ሐሳቡ ያደገበት ቤት ደግሞ ከእርሻ ጋር ምንም የማይገናኝ ይመስል ነበር።

በ1902 ጎትሊብ ሃበርላንት የተባለ ኦስትሪያዊ የዕፅዋት ሊቅ ከቅጠል ነጠላ ሕዋሳት ለይቶ አውጥቶ ስኳር ባለበት ውሃ ውስጥ አኖራቸው። እያንዳንዱ ሕዋስ ሙሉ ተክል የመሆን ችሎታ በውስጡ አለው ብሎ ያምን ነበር። ሕዋሳቱ ለሳምንታት ኖሩ፤ ወፈሩ፤ አንዳቸውም ግን ለሁለት አልተከፈሉም። ሙከራው ከሸፈ፣ ሐሳቡ ቀረ። እስከ 1939 ድረስ ተጠበቀ፤ በዚያ ዓመት ጎትሬና ኖቤኩር በፈረንሳይ፣ ዋይት በአሜሪካ፣ ሦስቱም በየፊናቸው የተክል ሥጋ በብልቃጥ ውስጥ ያለማቋረጥ እንዲያድግ አደረጉ። ሃበርላንት ያን ጊዜ የ85 ዓመት ሽማግሌ ሆኖ በሕይወት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ በዕድልና በአጋጣሚ የተሞላ ነው። በዊስኮንሲን ፎልከ ስኮግና ካርሎስ ሚለር ሕዋሳትን የሚያባዛ ንጥረ ነገር ሲፈልጉ ከመደርደሪያ ላይ አንድ አሮጌ ብልቃጥ አነሱ፤ ከሄሪንግ ዓሣ የዘር ፈሳሽ የወጣ ዲ.ኤን.ኤ. ነበር። የትንባሆው ሕዋስ መከፋፈል ጀመረ። አዲስ ብልቃጥ ቢያስመጡ እምቢ አለ! ለካ የሚሠራው ያረጀው፣ ወይም በሙቀት የተቀቀለው ብቻ ነው። ከዚህ በ1955 ካይኔቲን የተባለውን ነገር ለይተው አወጡ። በ1958 ስቱዋርድ በአሜሪካ፣ ራይነርት በጀርመን ከካሮት ሕዋሳት ሙሉ ካሮት አበቀሉ፤ የሃበርላንት እምነት እውነት ሆነ። በ1962 ደግሞ ሙራሺጌ የተባለው የስኮግ ተማሪ አንድ ነገር አስተዋለ። ብልቃጡ ውስጥ የትንባሆ ቅጠል ጭማቂ ሲጨመር ዕድገቱ ይፈጥናል፤ እሱም ያልታወቀ ሆርሞን አለ ብሎ ሲያሳድደው ቆየ። ቅጠሉን አቃጥሎ አመዱን ቢጨምረውም ዕድገቱ ያው ፈጠነ። ሆርሞን እሳት አይችልም። የቀረው አመዱ ውስጥ ያለው ማዕድን፣ ማለትም ጨው ነው! (የገበታው ጨው ሳይሆን እንደ ፖታሲየምና ናይትሮጅን ያለው የማዳበሪያ ዓይነት።) በዚሁ መሠረት ያዘጋጀው ምግብ እስከ ዛሬ በየቤተ ሙከራው የሚጠመቀው ነው። የሕዋስ ምግቡ ራሱ ጨዋማ መሆኑን ስናውቅ ሳቅ ብለናል።

አሁን ወደ ጨው ምርጫው እንምጣ። አንድ የባዮሎጂ ተማሪ ጓደኛችን ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ሲያስረዳን፣ «ወንፊት በሉት» አለን። ገበሬ ወይም የዘር ተመራማሪ ጨው የሚችል ተክል ሊመርጥ ቢል ስንት ሔክታር ዘርቶ፣ ስንት ዓመት ጠብቆ ነው። አንድ ብልቃጥ ግን በእጅ የሚያዝ ሆኖ ሚሊዮን ሕዋሳት ይይዛል፤ እያንዳንዱ ሕዋስ ደግሞ ተክል ሊሆን የሚችል ነው። ጨው ጨምርበት፤ ብዙው ይሞታል። የተረፈውን አባዛ፣ ጨው ደግመህ ጨምር። በመጨረሻ ከቀረው ሕዋስ ተክል አብቅል። ባሕር ዳር የሚታረስ እርሻ በብልቃጥ ውስጥ ተወለደ ማለት ነው።

እንዲያው ሲሰሙት ደስ ይላል። በ1975 ዲክስና ስትሪት በእንግሊዝ አገር ከአንድ የዱር ትንባሆና ከበርበሬ፣ ከኛው የወጥ በርበሬ ዝርያ፣ ጨው የሚቋቋሙ የሕዋስ ዘሮች ማግኘታቸውን ጻፉ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ናቦርስና ጓደኞቹ በትንባሆ ተመሳሳይ ውጤት አገኙ፤ በ1980 ደግሞ ከነዚህ ሕዋሳት ጨው የሚችሉ ተክሎች አብቅለናል አሉ። በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ብሬሳን፣ ሐሰጋዋና ባልደረቦቻቸው ከሁሉ ርቀው ሄዱ። የትንባሆ ሕዋሳትን ቀስ በቀስ እያለማመዱ በአንድ ሊትር 25 ግራም ጨው ውስጥ እንዲያድጉ አደረጉ። የባሕር ውሃ የገበታ ጨው 27 ግራም ያህል ነውና ወደ ባሕሩ ተጠግተዋል ማለት ነው።

እነዚያ የለመዱ ሕዋሳት እንዴት ኖሩ? ጨውን ከመጣል ይልቅ ደብቀውታል። በሕዋሱ መካከል ቫኩዮል የሚባል ከረጢት አለ፤ ሶዲየሙን እዚያ አጉረው ሥራ የሚሠራበትን ክፍል ጠበቁት። ውሃ እንዳያመልጣቸው ደግሞ ፕሮሊን የመሰለ ለሕዋሱ የማይጎዳ ነገር አከማቹ። አንድ ፕሮቲንም እጅግ በዛ፤ ከሕዋሱ ጠቅላላ ፕሮቲን አንድ አሥረኛ ያህል ደረሰ። ኦስሞቲን የሚል ስም ወጣለት። የጨው መድኃኒት ተገኘ ተብሎ ተስፋ ሲደረግ፣ ኦስሞቲን ተክሎች ሻጋታ ሲያጠቃቸው የሚያወጡት የፕሮቲን ቤተሰብ አባል ሆኖ ተገኘ።

ሕዋሳቱ ለዚህ ሁሉ ዋጋ ከፍለዋል። ጨው የለመደው ሕዋስ ከወትሮው ያነሰ ነው፤ ኃይሉን ለመኖር ያወጣዋል እንጂ ለማደግ አይተርፈውም። ለብልቃጥ ይህ ምንም አይደለም። ለገበሬ ግን ያላደገ ተክል ምን ዋጋ አለው?

ሌሎችም ቤተ ሙከራዎች ችግሩን በየራሳቸው ቀመሱት። ብዙዎቹ የሕዋስ ዘሮች ጨው የሌለበት ምግብ ውስጥ ጥቂት ወራት ከቆዩ የለመዱትን ይረሱ ነበር፤ የተለወጠው ጠባይ እንጂ ዘር አልነበረም። ሌሎቹ ብልቃጥ ውስጥ ከመቆየታቸው የተነሳ ተክል ሆኖ መብቀል አቃታቸው፤ ቢበቅሉም ጎባጣ ወይም መካን ሆኑ። ላርኪንና ስካውክሮፍት በ1981 ከሕዋስ የሚበቅሉ ተክሎች ሳይታሰብ የሚያሳዩትን ይህን ልዩነት ስም ሰጥተው እንደ በረከት ቆጠሩት፤ እርግማንም ነበረው። ከሁሉ የሚያናድደው ግን ሕዋሱ ጨው ችሎ፣ ተክሉም በደንብ በቅሎ፣ ማሳ ላይ ሲተከል እንደ ማንኛውም ተክል መጠውለጉ ነው።

ይህ የሚሆንበት ምክንያት ለኛ ለማኅበራዊ ጥናት ተማሪዎች በጣም ይገባናል። ተክል የሕዋሳት ክምር አይደለም፤ የሥራ ክፍፍል ያለበት ማኅበር ነው። በስንዴም በገብስም ጨው መቻል ማለት በአብዛኛው ሥሩ ጨውን በር ላይ መመለሱ፣ ያመለጠውንም ወደ ቅጠል ከሚወጣው ውሃ ላይ መልሶ መልቀሙ ነው። ጨው ወዳድ የሚባሉት የበረሃ ቁጥቋጦዎችም አንዳንዶቹ በቅጠላቸው ላይ ጨው የሚያጠራቅም የፀጉር ከረጢት አላቸው። ብልቃጥ ውስጥ ሥር የለም፣ ቅጠል የለም፣ በር ጠባቂም የለም። እንዲያውም ከአንዳንድ ጨው ወዳድ ተክሎች የተወሰዱ ሕዋሳት ብልቃጥ ውስጥ ሲገቡ ከተራ ተክል ሕዋስ የበለጠ ጨው አለመቻላቸው ታይቷል። ችሎታው የአንዱ ሕዋስ ሳይሆን የሁሉ አሠላለፍ ነበር።

ይህን ብለን ሥራው ሁሉ ከንቱ ነበር ማለታችን አይደለም። በካናዳ ማክሁገን የተባለ ተመራማሪ በ1984 ከሕዋስ ብልቃጥ ጨው የሚችል ተልባ ማግኘቱን አስታወቀ፤ ከዚያ መሥመር የወጣው ዘር አንድሮ ተብሎ በ1989 ገበሬ እጅ ገባ። የኛ እናቶች በጦም ቀን የሚወቅጡት ተልባ ዘመድ ነው። ግን እዚህም ማጠፊያ አለ። ማክሁገን ራሱ በ1987 እንደ ጻፈው ተልባው ጨውን የቻለው ሕዋሱ የተለየ ስለሆነ ሳይሆን በጠቅላላው ጉልበታም ሆኖ ቶሎ ስለሚበቅልና ስለሚያድግ ነው። ወንፊቱ የሚፈልገውን አልያዘም፤ የያዘው ግን ጥሩ ነገር ሆነ። እኛ ከሁሉ የወደድነው ይህን ሐቀኝነቱን ነው።

ትልቁ ውጤት የመጣው ከሌላ መንገድ ነው። የማካሮኒ ስንዴ፣ ማለትም ዱረም፣ ከዳቦ ስንዴ ይልቅ ለጨው ደካማ ነው። በአውስትራሊያ ራና መንስና ጓደኞቿ ሥሩ ላይ ሶዲየምን የሚመልስ ጂን ወደ ዱረም በተራ ማዳቀል አስገቡ፤ በ2012 በጨዋማ ማሳ ላይ ምርቱ 25 ከመቶ እንደ ጨመረ አሳተሙ። ጂኑ የመጣው አንድ ፍሬ ስንዴ ከሚባለው፣ ከሜሶፖታሚያ በላይ ባሉት ኮረብቶች የመጀመሪያዎቹ ገበሬዎች ካለመዱት ጥንታዊ ዘር ነው። ይህን ግኝት ያስቻለው ሥሩ የሚሠራውን በሥሩ ላይ ማጥናት ሆነ፤ ይሁን እንጂ ጨው ሕዋስ ውስጥ የት እንደሚታጎር መጀመሪያ በግልጽ ካሳዩት መካከል እነዚያ በብልቃጥ ጨው የለመዱ የትንባሆ ሕዋሳት አሉበት።

የኛስ ማሳ? አዋሽ ባሕር አይደርስም፤ በአፋር በረሃ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ይዞት የወረደው ጨው ሁሉ ከሸለቆው አይወጣም። የቆቃ ግድብ በ1960 አለቀ፤ የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1962 ተቋቋመ፤ የመልካ ወረር የምርምር ጣቢያ በ1964 ተከፈተ። አፋሮች በበጋ ከብቶቻቸውን የሚያወርዱበት የወንዙ ዳር ሣር በጥጥና በሸንኮራ ተተካ። የ1970ዎቹ መጀመሪያ ድርቅ ሲመጣ የሚሄዱበት አጡ፤ ከብታቸው አለቀ፣ ሰውም አለቀ። እርሻዎቹ በ1975 ወደ መንግሥት ዞሩ፤ ውሃው ግን ባለቤት ሲለወጥ ጠባዩን አልለወጠም። በአሚባራና በመልካ ሰዲ የከርሰ ምድሩ ውሃ እየወጣ፣ ማሳው እየነጣ ሄደ። በ1980ዎቹ ውስጥ በአሚባራ ማፍሰሻ ቧንቧ ከመሬት በታች ተዘረጋ። በዚያ ሁሉ ላይ ብዙ ጥሩ የነበረ መሬት ነጥቶ ተትቷል።

የተተወውን መሬት ማን ወረሰው? ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃም ዛፍ። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በረሃውን ያለማል ተብሎ የመጣ ነው፤ አፋሮች «ደርጊ ሀራ»፣ የደርግ ዛፍ፣ ይሉታል። ሥሩ ጥልቅ ነው፣ ጨው ይችላል። የኢራቁ ገበሬ በጦሙ ዓመት ደስ እያለው የሚያየው ሾክ የዚሁ ዛፍ የቅርብ ዘመድ ነው። እዚያ የገበሬው አገልጋይ ነበር፤ እዚህ ግን ግጦሹን ወሮ ከብቱን በእሾህ የሚያባርር ጌታ ሆነ። ልዩነቱ የተክሉ አይደለም። እዚያ ማሳው በዓመቱ ይታረሳል፣ አረሙም ይነቀላል። እዚህ ደግሞ ሾላካውን የሚነቅል ቀርቶ መሬቱ የኔ ነው የሚለው ማን እንደሆነ ራሱ ለረጅም ጊዜ አከራካሪ ነበር።

ባለፉት ጥቂት ዓመታት በዚሁ በአዋሽ ቆላ የበጋ መስኖ ስንዴ ተዘርቷል። ሱመሮች ከማሳቸው መጀመሪያ ያጡት ያንኑ ስንዴ ማለት ነው። ስንት ሔክታር እንደ ተዘራና ስንት ኩንታል እንደ ታፈሰ በዜና ሰምተናል። ስንት ሜትር ማፍሰሻ ቦይ አብሮ እንደ ተቆፈረ፣ ማንስ እንደሚጠርገው ሲነገር ግን እስካሁን ጆሯችን አልገባም።